የሙሄ ፍሪጅ ምስክርነት

የሙሄ ፍሪጅ የሚይዘው አራት ጠርሙስ ብቻ ነው። ሲገዛው ሰማንያ ይይዝ ነበር። የቀረውን ቦታ የወሰደው በረዶ ነው።

ፍሪጁ እንደ ሣጥን ከላይ የሚከፈት ነው። ቆሰበር ከተማ መናኸሪያ ማዶ፣ ከሱቁ በራፍ ላይ ተቀምጦ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በረዶ ሲደርብ ኖሯል። ሚስቱ ፋጤ «አጥፍተን እናቅልጠው» ባለችው ቁጥር ሙሄ «ነገ» ይላታል። ምክንያቱ ስንፍና ነበር፤ ሌላ ስም ልስጠው ብል ፋጤ ትስቅብኛለች። ዘንድሮ ግን የወንድሙ ልጅ መርዋን መጣና ስንፍናውን ወደ ሳይንስ ከፍ አደረገለት።

መርዋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አየር ንብረት ያስተምራል። ቀዝቃዛ ለስላሳ ፈልጎ ክዳኑን ሲከፍት በረዶውን አየና ሳቀ።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ የምድር ዋልታ ሆኗል! እዚያ በረዶው በየዓመቱ እየተደራረበ ይኖራል። ሳይንቲስቶች በረጅም ቧንቧ እየሰረሰሩ ያወጡትና በየድርቡ ውስጥ ነፋስ ያመጣውን አቧራ ይመረምራሉ። ከአቧራው ተነሥተው ነፋሱ ያን ጊዜ ከየት እንደነፈሰ ያውቃሉ። የእሳተ ገሞራ አመድ ካገኙማ ዓመቱንም ይለዩበታል።»

«የመቼውን ነፋስ?»

«የመቶ ሺህ ዓመቱንም ቢሆን።»

ሙሄ የያዘውን ጠርሙስ አስቀመጠ። «የሰባት ዓመቱንስ?»

የሰባት ዓመቱ ነፋስ የሙሄ ቁስል ነው። ያኔ በአንድ የገበያ ቀን ከሱቁ ጀርባ ባዶ ካርቶን አቃጠለ። ወዲያው የጎረቤቱ የአዱኛ የድርቆሽ ክምር ተያያዘ፤ ከክምሩ ጥግ የነበረችው ጎጆም አብራ ነደደች። ጎጆዋ ውስጥ አዱኛ ከአባቱ የወረሰው ኮርቻ ነበር። በአገው ምድር የአባት ኮርቻ ሲቃጠል ከሰውየው ምን አብሮ እንደሚቃጠል የሚያውቀው ያየው ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት ፈረሰኞቹ በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ አዱኛ መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸዋል።

አዱኛ «ነፋሱ ካንተ ወደኔ ነበር» አለ። ሙሄ «ካንተ ወደኔ ነበር! አንተስ ጓሮህ ከሰል ስታከስል አልነበር?» አለ። በዚሁ ሰላምታ ቀረ። ግድግዳ ተጋርተው እየኖሩ፣ ሳል ሲሰማ ማን እንዳሳለ እያወቁ፣ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። ሙሄን ቤት አቃጣይ ከሚሉት ሌባ ቢሉት ይሻለው ነበር።

አሁን ምስክር አገኘ። ያን ቀን ገበያው ደርቶ ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የዋለው፤ ነፋሱ ከአዱኛ በኩል ከነበረ አመዱ በረዶው ውስጥ አለ ማለት ነው። ቀኑንም ለመለየት አይቸገርም። ከእሳቱ በፊት በነበረው ቀን አንድ ጠርሙስ የማንጎ ጭማቂ ውስጡ ፈንድቶ ነበር። ሳይንቲስቶቹ እሳተ ገሞራ አላቸው፤ ሙሄ ማንጎ አለው።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ ፍሪጅ ነው» አለ መርዋን።

«በረዶ አይደለም?»

«በረዶማ ነው።»

«በቃ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሪጁን የነካ የሙሄን ዓይን የነካ ሆነ። መብራት ሲጠፋ የራሱን ብርድ ልብስ አውጥቶ ያለብሰዋል። ፋጤ «ሲያተኩሰኝ እንኳ እንዲህ አልብሰኸኝ አታውቅም» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱን ለማስታረቅ ሽማግሌ ተሰበሰበ። ሙሄ በያጅ ዘንድ ሄዶ የቧንቧ ብረት ጫፉን ጥርስ አስወጣለት፤ በእጁ እያሽከረከረ በረዶውን ሰረሰረና ስንዝር ተኩል የምትሆን ዘንግ አወጣ። ሳያያት በብርድ ልብስ ጠቀለላት፣ ከሳፋ ጋር ባጃጅ ላይ ጫናት፣ መርዋንን አስከትሎ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ወይራ ሥር ደረሰ። አዱኛ ፊቱን አዙሮ ተቀምጧል።

ሙሄ ሁሉን አስቦ አንድ ነገር ረስቷል፤ ሽማግሌ አይቸኩልም። መጀመሪያ ተመረቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አማርኛው ስለማይጥማቸው፣ የተባለው ሁሉ በአገውኛ ይደገማል። ምርቃቱም ተደገመ። ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«አቶ ዓለምነው፣ ምስክሬ እየሄደብኝ ነው!» አላቸው ሙሄ የሽማግሌዎቹን አለቃ።

«ምስክር ከሆነ ይጠብቃል» አሉ አቶ ዓለምነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ለመሆኑ ይህ ምስክር ይምላል?»

አንዱ አፍ የሌለው አይምልም አሉ። ሌላው ያልማለ አይመሰክርም አሉ። አንዱ ደግሞ ባለቤቱ ይማልለት አሉ። ይህም ሁሉ በአገውኛ ተደገመ።

ሙሄ መታገሥ አልቻለም። መነጽሩን አድርጎ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ቢጫዋ የማንጎ መስመር ቁልጭ ብላለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለውን አየ፤ ነጭ ነው። በጣቱ ጠርጎ ደግሞ አየ። ከዘንጓ ሁሉ እንደዚያ ቦታ ንጹሕ የሆነ የለም። አንዲት ፍንጣሪ አመድ የለችም።

ነፋሱ ከአዱኛ በኩል አልነፈሰም።

አሁን ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሽማግሌዎቹ ገና መሐላው ላይ ናቸው፤ ጥቂት ቢቆይ ሁሉም ውሃ ነው። ሙሄ ግን በረዶውን እያየ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ያን ቀን ካርቶኑን ሲለኩስ ፊቱ ወደ አዱኛ ጓሮ ነበር፤ ነፋሱ ደግሞ ጀርባውን ነበር የመታው። ጋቢው ወደፊት ተውለብልቦበት ሰብስቦ ይዞት ነበር። ይህን በረዶ አልነገረውም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳያቀልጠው የኖረ የራሱ ነገር ነው።

«ነጭ ነው» አለ።

«ምኑ?» አሉ አቶ ዓለምነው።

«አመድ የለበትም። ነፋሱ ከኔ ወደሱ ነበር። አዱኛ፣ የአባትህን ኮርቻ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

መርዋን ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት ክዳኑ ተዘግቶ...» ሲል፣ «ተወው» አለው ሙሄ።

አቶ ዓለምነው ተቆጡ። «ቆይ እንጂ! ምስክሩ ገና አልማለም!» ይህም በአገውኛ ተደገመ። አዱኛ ግን ፊቱን መልሶ ሙሄን ያየዋል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

ሙሄ ቤቱ ሲደርስ ፋጤ ፍሪጁን ነቅላ፣ ደጁን ሁሉ ውሃ አድርጋ፣ ውስጡን በኦሞ ትፈትገዋለች። «ጉዳይህ አለቀ አይደል?» አለችው። ሙሄ ጨርቅ አንሥቶ አብሯት ማድረቅ ጀመረ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የሱቁን ብርሃን አንድ ሰው ከለለው። አዱኛ ነው።

«ቀዝቃዛ ማንጎ አለ?»

ሙሄ ወደ ፍሪጁ አየ። «የለም። ፍሪጁ ትናንት ታጥቦ ገና አልቀዘቀዘም።»

አዱኛ ክዳኑን ከፍቶ ባዶውን ፍሪጅ እስከ ታች አየው። ከዚያ በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ።

«እንግዲያው የሞቀውን ስጠኝ» አለ። «ላንተም ክፈት።»