ቡሬ ላይ ማንም ያልሸኘን ቤት

ልጄ ባለፈው በአውሮፕላን ስትመለስ፣ ማረፊያው ላይ ከሌላው መንገደኛ ተለይታ የተቀመጠችበት ክፍል እንደ ነበር አጫወተችኝ። እዚያ ለመግባት ይከፈላል። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ሻዩም ዳቦውም እንደ ልብ ነው አለች። «አባባ፣ እርስዎ ሲሄዱ ልክፈልልዎ? ይጠቅማል ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም፤ የዛሬን አውሮፕላን ማረፊያ አላውቀውም። ግን እንዲያ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተቀምጫለሁ። በጣሊያን ጊዜ ነው።

ያኔ አግብቼ ሽንዲ አጠገብ አርስ ነበር። አባቴ አንድ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት ሁለተኛው ቀላና ያነባ ጀመር። ደብረ ማርቆስ ዐይን የሚያክም ፈረንጅ አለ ተባለ። በእግር እንዳንሄድ መንገዱን አርበኛውም የጣሊያኑ ሶላቶም ይጠብቀዋል፤ አላፊ አግዳሚውን ሁለቱም ይጠረጥሩታል። ያለው ካሚዮን፣ የጭነት መኪናው ነው። እርሱም ቡሬ፣ ጣሊያን አውሮፕላን ከሚያሳርፍበት ሜዳ ዳር መንገደኛ ይጭናል። ግንቦት እያለቀ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ሳይበላው የመጨረሻው ካሚዮን የሚነሣው በዚያ ሳምንት ነው አሉን።

አባቴን በበቅሎ አድርጌ ረፋዱ ላይ ደረስን። ጉሙ ሜዳውን ሞልቶታል። ሌላው መንገደኛ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ይጫወታል፣ ይሳሳቃል። ከሜዳው ዳር ግን መስኮቱ መስተዋት የሆነ አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ በአውሮፕላን የሚሄዱ ሹማምንት የሚያርፉበት ነው። የጣሊያኑ አስተርጓሚ በሚስቱ በኩል ስለሚዛመደን አንድ ገንቦ ማር ይዘንለት ሄደናል።

«እርስዎማ ብርድ ላይ አይቀመጡም። ይግቡ፣ ይረፉ። ካሚዮኑ ሲመጣ ከመስኮቱ ይታያል» ብሎ ለአባቴ በሩን ከፈተላቸውና ሄደ።

ሣሩ ላይ ካሉት አንዱ፣ «አይ፣ እንግዲህ ባላባት ሆናችሁ! እኛን በዚያ በመስተዋቱ ታዩናላችኋ!» ብሎ ቀለደብን። ሳቅን። ከዚያ ሳቅ በኋላ ከውጭ የሰው ድምፅ አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ከቤቱ ጓሮ የመብራት ሞተር አለ፤ በሩ ሲዘጋ የርሱ እምምም የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ጆሮን ሳይሆን ጥርስን ነው የሚይዘው።

ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረዋል። አንዲት እናት ጥቁር ነጠላ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ስኒ ሻይ ተቀድቶ፣ ሁለት ዳቦ ተቀምጧል። ሻዩ ቀዝቅዞ ፊቱ ሽፋን አብጅቷል።

«ተቀመጡ» አሉን ሳይዞሩ። «የእናንተ ነው።»

«እንደምንመጣ በምን ዐወቁ፣ እናቴ?» አልሁ።

«የሚመጣ አይጠፋም።»

አባቴ አመስግነው ዳቦውን ቈረሱ፣ ሻዩንም ቀመሱ። እኔም ቀመስሁ። ሴትዮዋ ስኒያቸውን አልነኩም። ልጃቸው ከጣሊያን ጋር በአውሮፕላን እንደ ሄደ፣ እዚህ ጠብቂኝ እንዳላቸው በቀስታ ነገሩን። መቼ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ጣታቸውን እያጠፉ ወሩን መቍጠር ጀመሩ፤ ሁለቱንም እጅ ጨርሰው እንደ ገና ከአውራ ጣታቸው ሲጀምሩ ፊቴን አዞርሁ።

በመስተዋቱ ውጭ ሰዎቹ ያወራሉ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም። ያ የቀለደብን ሰው ወደ እኛ እያየ እጁን ያወዛውዛል። እየተሰናበተን ይሁን እየጠራን አልለየሁም። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ጉሙ ገቡ። ጉሙ ውስጥ ሁለት ቢጫ መብራት አየሁ።

«አባየ፣ ካሚዮኑ መጣ። ይነሡ።»

«ባለቤቱ የታለ?» አሉኝ።

በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ እህል የቀመሰ እንግዳ፣ ባለቤቱ መርቆ ሳይሸኘው አይነሣም። ተነሥቶ ቢወጣ ቤቱን እንደ ረገመ ይቈጠርበታል። አባቴ ይህን ነውር ከሚሠሩ ሞትን የሚመርጡ ሰው ነበሩ።

«አባየ፣ ዐይንዎ!»

«ዐይኔ ይቆየኛል። የበላሁበትን ቤት ጥዬ አልወጣም። ሂድ፣ ያስገባንን ሰው ጥራው።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናቸው። እስኪሸኙን ነው» አሉ።

ሮጥሁ። ከውስጥ ይኖር ይሆናል ብዬ በውስጥ በር ሁለተኛውን ክፍል ከፈትሁ፤ የተነጠፉ አልጋዎች፣ ከሥራቸው የተደረደሩ ጫማዎች፤ ሰው የለም። ሦስተኛውን ከፈትሁ፤ ምግብ የቀረበበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰው የለም። «ጌታው! ኧረ የቤት ባለቤት!» ብዬ ስጣራ ሞተሩ ድምፄን ከአፌ ላይ ይውጠዋል። ይህን ቤት ማን ያነጥፈዋል፣ ማን ይቀዳለታል?

ስመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ አንድ ዓይነት ሆነው ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። ለአንድ አፍታ የትኛው አባቴ እንደ ሆኑ ጠፋኝ። ውጭው ባዶ ነው። ሰዎቹ የተቀመጡበት ሣር እንደ ተኛ ቀርቷል።

አስተርጓሚው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሲያየን ደነገጠ። «እንዴ! አልሄዳችሁም? በሩ አልተቈለፈም፤ ማን አስሮ ያዛችሁ?»

አባቴ ያን ጊዜ ብቻ ተነሡ። «በል መርቀንና እንሂድ» አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት መረቀን። ሴትዮዋን ግን ሳያያቸው በሩን ዘጋ።

ዝናቡ በማግሥቱ ያዘ። መስቀል አልፎ መንገዱ ሲከፈት ሁለተኛውም ዐይናቸው ጠፍቶ ነበርና የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ነገሩን አንድ ቀን ብቻ አነሣሁባቸው። «ያን ቀን ተሸክሜዎ መውጣት ነበረብኝ» አልኋቸው። «ብትሸከመኝ ኖሮ እረግምህ ነበር» አሉና መልሰው፣ «ሳልረግምህ አይቀርም ነበር፤ ግን ፊትህን እያየሁ» አሉኝ።

እስኪሞቱ ድረስ ቤታችን እንግዳ ሲገባ፣ ገና እህሉ ሳይቀርብ ከመደባቸው ላይ ሆነው ይመርቁ ነበር። «ተሸኝተሃል፣ ልጄ። መንገድህ ሲመጣ ተነሥ፤ እኔን አትጠብቅ።» እንግዳው ይሥቃል። እኔ ግን ወደ በሩ አያለሁ፤ ክፍት መሆኑን ሳላይ አልቀመጥም።

ለልጄም ይህንኑ ነገርኋት። «ገንዘብሽን አታውጪ፤ እኔ ሰዉ ከሚጠብቅበት፣ ሲነሡ ኮቴያቸውን ከምሰማበት ልቀመጥ» አልኋት።