«እኔን ክሰሽኝ» ያሉት አባት

ጎንደር ከተማ ውስጥ በነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ልጆቻቸው የተበደሉባቸው ቤተሰቦች ወደ እኛ ይመጣሉ። ባሌን ክሰሽልኝ፣ ጎረቤቴን ክሰሽልኝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። «እኔን ክሰሽኝ» ያሉኝ ግን እኒያ ከትክል ድንጋይ ከተማ አካባቢ የመጡ ገበሬ ብቻ ናቸው።

ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ሊድሩ ቃል መስጠታቸውን ነገሩኝ። ደሜ ፈላ።

«አያ፣ ሕፃን ልጅ መዳር ወንጀል መሆኑን አያውቁም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«አውቃለሁ እንጂ! ለዚህ አይደል የመጣሁ?» አሉኝ። «ደብተሮቿን ለታናሽ እህቷ ስታወርስ አይቼ አንጀቴን በላችው። ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ምያለሁ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መሐላ አፍርሼ የት እገባለሁ? መንግሥት ይከልክለኝ፣ እታለም። ደግሞ ሰው ፊት ሸጋ አድርገሽ ተቆጪ።»

ቁጣ እንኳ ለእኔ አያንሰኝም። የሙሽራው ሽማግሌዎች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ አያ ቤት በተሰበሰቡ ዕለት፣ አንድ ፖሊስና የወረዳውን የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ይዤ ደረስኩ። ከደጅ ሆኜ «በሕግ አምላክ!» ስል ሁሉም ቀጥ አሉ። ከዚያ ሕጉን እንደ ጉድ አወረድኩት።

አያ ተፈናጥረው ተነሱ። «ምነው! በወለድኩት ልጅ ማን ያዝብኛል?» እያሉ ዱላቸውን ሲያወዛውዙ፣ እውነት መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

«እስከ ስንት ዓመቷ ነው የምትከለክሉኝ?»

«አስራ ስምንት እስኪሞላት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሷ ካልፈለገች ማንም አይድራትም!»

«አልሰማሁም! ጮክ በይ!»

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ዞር ስል ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ አያም ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር።

«ሰማሽ?» አሏት። «ሕግ ነው እንግዲህ። ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ።»

ድምፃቸው ተቆራረጠ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም ደስታዬ ሊገነፍልብኝ ስለደረሰ ፊቴን አኮሳትሬ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥተው ትከሻቸውን ያዝ አደረጉና፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ መንግሥትን ማን ይችለዋል?» እያሉ አጽናኗቸው።

«እንዴት ልቻለው!» አሉ አያ፤ ለቅሶውም ባሰባቸው።