ያልተሸከምኩት ባልዲ

በደርግ ጊዜ አምቦ ላይ ሊይዙኝ የመጡት ጠዋት፣ ኢንሱሊኔን ተወግቼ ቂንጬዬ ፊቴ እንደቀረበ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ይጥለዋል፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። «ለትንሽ ጥያቄ ነው፤ ልበስና ውጣ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ማንኪያ ይጎርስ ነበር። እኔ ጅሉ መስተዋት ፊት ቆሜ ክራቫት አሰርኩ። የቢሮ ጸሐፊ አምሮበት ከቀረበ ይከበራል ብዬ! እውነትም ክራቫቱን አልናቁትም፤ እስር ቤት ያስገቡኝ በክራቫቴ እየጎተቱ ነው።

ክፍሉ ጨለማ ነው። ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ ሞልቶ ቆሟል። «የሚደፋው አዲስ ገቢ ነው። በሩ ሲከፈት ይዘህ ትወጣለህ» አለኝ ካቦው፣ የክፍሉ እስረኞች አለቃ። ዳቦ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ክራቫት አስሮ ዳቦ መለመን ነውር መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ላብ አጠመቀኝ፤ ዓይኔ ጨለመብኝ። «ስኳር አለብኝ» ማለቴ ትዝ ይለኛል። አንዱ ስኳር ሊያቀምሰኝ ሲነሳ ካቦው ያዘው።

«ተው እንጂ! ሕመሜ ስኳር ነው እያለህ፣ ልትገድለው ነው?»

በሩ ሥር፣ አየር ያግኙ ተብሎ የተኙ የጌዶ ከብት ነጋዴ ነበሩ። ሁሉም ኦቦ ነው የሚላቸው። የልብ ሕመም ጥሏቸው ሆስፒታል ሰንብተው በወጡ ሰሞን ነው የታሰሩት፤ ቀስ እያሉ ይራመዱ፣ ከባድ ነገር ግን እንዳያነሱ ተብለዋል። ፔርሙሳቸውን ከፈቱ።

«ሆስፒታል አጠገቤ የተኛው ልክ እንዲህ ሲያልበው፣ ነርሷ ስኳር ነው ያጠጣችው። ዱጊ፣ ዱጊ! ጠጣ!»

«ቢሞትስ ኦቦ?» አለ ካቦው።

«ቁጭ ብለን ስናየውም እኮ እየሞተ ነው።»

ጣፋጩ ሻይ ዓይኔን መግለጥ ሲጀምር በሩ ተከፈተ።

«አዲስ ገቢ! ባልዲውን!» አለ ዘበኛው።

ልነሳ ስል ተመልሼ ወደቅሁ። ዘበኛው ዱላውን አነሳ። ኦቦ ተነስተው ባልዲውን ያዙ።

«አንተ ሽማግሌ፣ በሽተኛ አይደለህ?»

«ሻዬን ጠጥቷል፤ እንግዳዬ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ዕቃ አይሸከምም።»

«እሺ ጀግና! ብቻህን ታወጣታለህ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት!»

ጠብታ ሳያፈሱ ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ደረታቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ነገ የእርስዎን ተራ እኔ እሸከማለሁ» አልኳቸው።

«በሽተኛ ተራ የለውም! በምን ልትከፍለኝ ነው?» ብለው ሳቁ። «ይልቅ ይህን ነገር ከአንገትህ ፍታው፤ በሙሽራ ደንብ ልትሞትብን ነበር።»

በማግስቱ ባለቤቴ መድኃኒቴን ከስንቅ ጋር አስገባችልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኦቦ አልነቁም። በባልዲው ይሁን በሌላ፣ የነገረን የለም። በጋቢያቸው ጠቅልለን በሩ ድረስ አደረስናቸው፤ ከበሩ ወዲያ አልተፈቀደልንም።

አሁን በዕድሜ እሳቸውን አልፌያለሁ። ሐኪሜ ስኳሬን ለክቶ፣ ልቤን አዳምጦ፣ «አባባ፣ ራስዎን በደንብ ጠብቀዋል» ይለኛል። እኔም ብቻዬን የጠበቅሁት አስመስዬ ፈገግ እላለሁ። ተራ ለሌላቸው ሰው የአንድ ባልዲ ተራ አለብኝ።