የመሃል ሰፋሪው ወረቀት

ማንበብ የቻልኩት ዕድሜዬ አርባ ሲደፍን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ቀጥሎ የምለው ሁሉ ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ፣ ከአስኮ መንገድ ገባ ብሎ፣ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረኝ። በርና መስኮት፣ አልጋ፣ ሲታዘዝም የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ። ከአጥሬ ወዲያ አንዲት ታይፒስት ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ጠዋት ወደ ፌርማታው ስትወርድ በደጄ ታልፋለች። እኔም ልክ በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ የሚላግ እንጨት አጥቼ አላውቅም። ሦስት ዓመት እንዲህ እየላግኩ ኖርኩ።

አንድ ቀን ቆመችና ገባች። ተማሪ ሳለች እንግሊዝኛ ያስተማራት ፈረንጅ አገር ለቆ ሲሄድ የሰጣትን ካርቶን ይዛለች። ውስጡ ዘንዶ የተሳለበት የጨዋታ መጽሐፍና የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ዳይሶች፣ እንደ ዕጣ የሚጣሉ ባለቁጥር ጠጠሮች፣ አሉ። ሃያ ፊት ያለው ትልቁ ዳይስ ግን ጠፍቷል።

«እንዲህ ያለ ነገር ከእንጨት ይወጣል?» ብላ ሥዕሉን አሳየችኝ።

«ይወጣል» አልኩ። አይወጣም ብዬ አስቤ ነበር። አራት አበላሽቼ አምስተኛውን ከወይራ አወጣሁት። በሞረድ ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ቁጥሮቹን በጋለ ምስማር ተኮስኩበት። ቁጥር አውቃለሁ፤ ሜትር የሚይዝ ሰው ቁጥር አያጣም። ፊደል ነው የማላውቀው። እሱን ደግሞ ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር። ለቀበሌው እንኳ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬያለሁ ብዬ ዋሽቼ ከመሠረተ ትምህርት ቀርቻለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሆናሉ። ተራኪው «ዋሻ ፊት ደርሳችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የምታደርገውን ትናገራለህ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይወስናል። ተራኪዋ እሷ ነበረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ በእኔ ቤት፣ ሰጋቱራው መሃል፣ እሷና እኔ ከሰፈራችን ባለሱቅ ጋር ተቀመጥን።

በሁለተኛው እሑድ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰው ተሰብስቦ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ዘንዶ ልንገድል ነው፣ ጓድ» አለችው። «ሰው ጎድሎናል።»

እየተጠራጠረ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ከቀበሌ ስብሰባ በቀጥታ ወደ እኛ ሆነ። ጠመንጃውን መላጊያ ጠረጴዛዬ ላይ ያስደግፍና «የት ነበርን?» ይላል።

በዚያው ሰሞን ከናዝሬት ሽማግሌ ተላከባት። ሰውየው ሒሳብ ሠራተኛ ነው አሉ። እናቷ ወደዋል። እሷ ግን እስከ ፋሲካ ታገሡኝ ብላለች። ይህን የነገረኝ ባለሱቁ ነው፤ ስኳር እየሰፈረ፣ ዓይኔን እያየ።

«አንተስ አትናገርም?» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«እንጨት ስትልግ የምታስበውን ብለህ ነዋ!»

ፊደል የማያውቅ አናጢ መሥሪያ ቤት ስትጽፍ ለምትውል ሴት ምን ይላታል? ይናገራል የሚለኝ ካለ አፉ ቀላል ነው። ፋሲካ ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

መጽሐፉ እያንዳንዱ ተጫዋች አቋም ይኑረው ይላል። ደግ ነህ ወይስ ክፉ፤ ሥርዓት አክባሪ ነህ ወይስ ሥርዓት አልበኛ። በመሃል ደግሞ አንድ አለ።

«ገለልተኛ ይባላል» አለች።

«እኛ ዘንድ ይሄ መሃል ሰፋሪ ነው» አለ ጥበቃው። የራሱ ሰው ሥርዓት አክባሪ ፈረሰኛ ነበር፤ ሌላማ ምን ሊመርጥ! ባለሱቁ ሌባ ልሁን አለ። «ሚዛን ትሰርቃለህ እያላችሁ ስሜን ካጠፋችሁት አይቀር፣ አንዴ በደንብ ልስረቅ።»

«አንተስ?» አለችኝ።

«መሃል ሰፋሪ።»

ጥበቃው ጮኸ። «ጓድ አናጢ! ይቺን ቀበሌ ውስጥ እንዳትደግማት!»

ሳቅን። እኔ ግን የምሬን ነበር። በዚያ ዘመን ወደ አንዱ የተጠጋ ሰው ሣጥኑን እኔ ነበርኩ የምሠራለት።

በሚቀጥለው እሑድ ለእያንዳንዳችን ወረቀት ጽፋ መጣች። በጨዋታው የምንሆነው ሰው ስም፣ ጉልበቱ፣ መሣሪያው፣ አቋሙ። የእኔን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አንብበው። ያልተስማማህበት ካለ አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ።»

የሚያነብ ሰው ምን ያህል እንደሚቆይ አይቼ አውቃለሁ። ያንኑ ያህል ቆየሁ።

«አነበብከው?»

«አነበብኩት።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው። ልክ ነው።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው አልኩሽ እኮ።»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ስትጀምር ድምፅዋ ሰለለ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁላት። መስኮት ዘጋሁ!

እነዚያ እሑዶች ይናፍቁኛል። ያ ዘመን ይናፍቃል የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው፤ እኔ ሰፈሩ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። የሚናፍቀኝ ያ ክፍል ነው። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ስትሰካ፣ ጉልበቷ ላይ የወደቀውን ሰጋቱራ ሳታራግፍ ስትቀር። ጨዋታው ሲያበቃ ጥበቃው «ሂስና ግለሂስ!» ይላል። በመጽሐፉ ሕግ ከአቋሙ የወጣ ሰው ደረጃው ይቀነሳል፤ እሱ ይህን ሲሰማ ስብሰባ መሰለው።

«ሌባችን ለአሮጊቷ ወርቋን መልሷል። ከአቋሙ ጋር ይጋጫል።»

«ግለሂሴን አወርዳለሁ፣ ጓድ» ይላል ባለሱቁ። «አሮጊቷ እናቴን መሰለችኝ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ሳንስቅ ቀረን። ዋሻ ውስጥ አውሬዎቹን ገደልን፤ ከውስጥ ልጆቻቸው ተገኙ።

«እርምጃ ይወሰድባቸው» አለ ጥበቃው፣ እንደ ልማዱ፣ ሳያስበው። ያ ቃል ያን ጊዜ መግደል ማለት እንደነበር ለማንም መንገር አያሻም። ባለሱቁ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ሰባት ናቸው» አለች እሷ ቀስ ብላ። «ትንሹ ጣቱን ይጠባል። ምን ታደርጋለህ፣ ጓድ?»

ዳይሱን አነሣ። መዳፉ ውስጥ አገላበጠው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ዳይስ አያስፈልገውም። ይውጡ» አለ። ቀጥሎም፣ «ደረጃዬን ቀንሺው።»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። የእኔ ሰው የዋሻው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ልጆቹን አልገደለ፣ አላስጣለ። አቋሜ ነዋ።

ከሆሳዕና በፊት የነበረው እሑድ የመጨረሻችን ሆነ። የእኔ ሰው ብቻውን ድልድይ ላይ ደረሰ። ከማዶ አንዲት ሴት ቆማለች አለችኝ።

«ሴትየዋ እንዲህ ትልሃለች» አለች፤ መጽሐፉን ዘግታዋለች። «ድልድዩ ሊፈርስ ነው። ሌሎች በሌላ መንገድ ይዘውኝ ሊሄዱ መጥተዋል። የምጠይቀው አንተን ብቻ ነው። ትሻገራለህ ወይስ ልሂድ?»

ባለሱቁ በክርኑ ጎሸመኝ። እኔ ጨዋታ አዋቂ መስዬ ተቀመጥኩ።

«እዚሁ ድልድዩ መሃል እቀመጣለሁ» አልኩ። «መሃል ሰፋሪ አይደለሁም?»

ጥበቃው እስኪያስለው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ዳይስ መጣል ትችላለህ።»

«ለምን ብዬ? አቋሜን ራስሽ ጽፈሽዋል።»

«ጽፌዋለሁ። አንተም አንብበኸዋል።»

«አንብቤዋለሁ።»

እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተች። «እንግዲያው ሴትየዋ ሄደች» አለች።

ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። እናቷ ቁምሳጥን አዘዙኝ፤ ሠራሁት። ከዋንዛ፣ ባለ ሁለት በር። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። በጭነት መኪና ወደ ናዝሬት ሲወስዱት ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉን ይዛ ሄደች፤ የወይራው ዳይስና ወረቀቶቻችን መሳቢያዬ ውስጥ ቀሩ።

ሁለት ዓመት ያን ወረቀት እያወጣሁ ሳየው ኖርኩ። የሷ ጽሑፍ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ለሰው አስነብቤ እንዳልሰማው ዋሽቻለሁ፤ «አላነበብከውም እንዴ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ቀበሌ ሄድኩና ለዚያው ጥበቃ ግለሂሴን አወረድኩ። የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም አልኩት። ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አየና ስሜን መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከአሮጊቶች መሃል አግዳሚ ላይ ተቀምጬ «ሀ» ብዬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ «ጉልበት» የሚለውን ለየሁ። ከዚያ «መጥረቢያ»። አንድ ቀን እንጨት ልጌ ስጨርስ ወረቀቱን ደጅ አውጥቼ፣ ጣቴን እያስከተልኩ፣ የመጨረሻውን መስመር ያዝኩት። እንዲህ ይላል፦

«አቋም፦ መሃል ሰፋሪ፤ እኔ እስክጠይቀው ድረስ።»

ደግሜ አነበብኩት። አዲስ አንባቢ ስለሆንኩ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ፊደል በፊደል ቆጠርኩት። አልተሳሳትኩም። ልክ ነው ብያታለሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ሁለት ጊዜ ልክ ነው ብያታለሁ። እሷም በሁለት ሰው ፊት፣ በድፍረት፣ ጠየቀችኝ።

እንጨት የማሰምርበትን እርሳስ አነሣሁና ከሥሩ «እሻገራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። «ገ» አልስተካከል ብላኝ ሁለቴ ሰረዝኳት። በመጽሐፉ ሕግ ደረጃዬ መቀነስ ነበረበት፤ የምትቀንሰው ግን ናዝሬት ነው ያለችው።

አንድ ሰውዬ መስኮት ሊያሠራ መጥቶ ደጅ ቆሟል። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያው ውስጥ አስገባሁና ሜትሬን ይዤ ተከተልኩት።