ያልደረቀው ፊት

ሣህሉ ተሰማን ድሬዳዋ የምታውቀው በሱቅ ሰሌዳ ነው። ከመጋላ እስከ ከዚራ "ዳቦ ቤት"፣ "ልብስ ሰፊ"፣ "ሥጋ ቤት" የሚሉት ጽሑፎች የእሱ እጅ ናቸው፤ ፊደል የማይቆጥረው ሰው እንኳ እጁን ይለየዋል። እሱ ግን ራሱን ሰሌዳ ጻፊ ብሎ አያውቅም። ልጅ ሳለ ደጋ አገር፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከነበሩት አጎቱ ሥር ቁጭ ብሎ ቀለም መፍጨት የተማረ ነው። ባቡር ቆላ አውርዶት ዕድሜውን የሥጋ ቤት በሬ ሲስል ይፍጀው እንጂ፣ አንድ ቀን የማርያምን ሥዕል እስላለሁ ብሎ የሚኖር ሰው ነበር። ድሬዳዋ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ምኞት ጆሮ የላትም፤ ጉዳይዋ ባቡሩ ይዞት ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር ነው።

የታሸገ የፈረንጅ ቀለም ከዚራ ሞልቶ ሳለ ሣህሉ ለሥዕል የሚሆነውን ራሱ ይሠራ ነበር። ቀዩን አፈር ከቢዮ አዋሌ መንገድ ዳር ቆፍሮ ያመጣል፤ አጥቦ፣ አዝቅጦ፣ በፀሐይ አድርቆ በሻሽ ይነፋዋል። ጥቁሩን ከኩራዝ ጥላሸት ይለቅማል። ነጩንና ሰማያዊውን ዱቄት ብቻ ከአንድ አርመን ሱቅ ይገዛል። ከዚያ ዱቄቱን በጠፍጣፋ ዕብነ በረድ ላይ አፍስሶ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ መሐል በመረጠው ድቡልቡል ድንጋይ በተልባ ዘይት እያሸ ይፈጨዋል፤ በሁለት ጣቱ መሐል ሲያሸው አንዲት ቅንጣት እስክትጠፋ ድረስ አይለቀውም። ዘይቱ ከዘመድ በባቡር የሚላክለት ነው። ሣህሉ ከሌላ ዘይት ጋር አይስማማም። "ኑግ ሰነፍ ነው፣ ሰሊጥ ውሸታም ነው፣ የወይራ ዘይት ግን ለቀለም መርዝ ነው፤ ዕድሜ ልክህን ብትጠብቀው አይደርቅም" ይሉት ነበር አጎቱ፤ እሱም ይህን እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

የተፈጨውን ማስቀመጥ ነበር ጭንቁ። የድሬዳዋ ሙቀት እንኳን ቀለም ሰውም ያደርቃል። ስለዚህ ቀለሙን በፍየል ፊኛ ሞልቶ አፉን በክር ያስረዋል፤ ሲፈልግ በወስፌ ወጋ አድርጎ ይጨምቅና ቀዳዳውን በስንጥር ይወትፈዋል። ፊኛውን የሚሰጠው ጎረቤቱ ሥጋ ሻጩ ተማም ነው። የማርያምን ሥዕል የጀመረ ለታ ግን ሣህሉ የክርስቲያን ፊኛ ፍለጋ ሌላ ሥጋ ቤት ሄደ።

ተማም ሰማና ደጁ ላይ ጠበቀው። "አቦ ሣህሉ፣ ፍየሏ እኮ ስትታረድ አልሰለመችም። ሽንቷም የፍየል ሽንት ነው ወላሂ።"

"ለእመቤታችን ስለሆነ ነው ተማም። እንዳትቀየመኝ።"

"ምን እቀየምሃለሁ? አስከሬኗን አብረን አልተሸከምንም እንዴ። የፈለግከውን ፊኛ አምጣ።"

አስከሬኗ ያለው የሣህሉን አንድያ ልጅ የየኔነሽን ነው። ዓምና መስከረም ንዳድ ይዟት ሳምንት ሳትቆይ ሞተች። ለመስቀል ከዚራ ፎቶ ቤት ልትነሳ ቀሚሷ ተሰፍቶ፣ ጫማዋ ተገዝቶ ነበር። አንድም ፎቶግራፍ የላትም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ ሰው ሁሉ ስለ ቁንጅናዋ እያወራ አንገቷን ያስረዝምላት ጀመር። ሣህሉን ግን የባሰ ነገር ገጠመው። የሌላው ሰው ወሬ አንገቷን ሲያስረዝመው፣ ከእሱ ዓይን ፊቷ እየጠፋ ሄደ። አንድ ጠዋት እየታጠበ ሳለ ግራ ቅንድቧን ሊያስብ ሞከረና አጣው። ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ።

በዚያው ዕለት ወደ ደብሩ አለቃ፣ ወደ አለቃ ጥሩሰው ሄዶ የማርያምን ሥዕል ለነፍሱ ብሎ በነጻ እንደሚስል ነገራቸው። ፊቱ የማን እንደሚሆን ግን ለማንም አልተነፈሰም። የሰው ልጅን መልክ ለእመቤታችን መስጠት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ያውቃል። ለሚስቱ ለዘርፈሽም አልነገራትም። እሷ ከቀብሩ ወዲህ ከታቦት ጋር እንጂ ከባሏ ጋር አታወራም ነበር።

ልብሱን ሳለ፣ ሕፃኑን ሳለ፣ ሁሉም በወጉ ደረቀ። ለፊቷ የሚሆነውን ጠይም ቀለም ለብቻው በብርጭቆ አስቀምጦ አየር እንዳያገኘው ውሃ አለበሰው። ውሃው በሙቀቱ ሲጎድል የምትሞላው ዘርፈሽ ነበረች። ፊቱን እንደ ሌላው አልቸኮለበትም። ዛሬ ከንፈሯን፣ ነገ አፍንጫዋን እያለ፣ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ብሩሹን ይዞ ቁጭ ብሎ ይውላል። ቀለሙ ከሌላው ጊዜ ላላ ያለ መስሎት ነበር፤ ሙቀቱ ነው አለ። ድሬዳዋ ውስጥ የማይገባህን ነገር ሁሉ ሙቀቱ ነው ማለት ትችላለህ፣ ማንም አይከራከርህም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግራ ቅንድቧ በራሱ መጣ። ብሩሹ ከእሱ ቀድሞ አስታወሰው። ሣህሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ካለቀሰም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ አረፈ። ከዚያ ቀን ወዲያ በሐሳቡ ሊፈልጋት አልደከመም። ሥዕሉ ላይ ካለች ምን ያስደክመዋል? የተልባ ቀለም ከልጅ ልጁም በላይ እንደሚኖር አጎቱ ምለው ነግረውታል።

ፊቱ ግን አልደረቀም። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ፣ ትንሿን ጣቱን ጉንጯ ጥግ ላይ ነካ ሲያደርግ ጣቱ ወዝ ይዞ ይመለሳል። ሣህሉ ወደ አለቃ ጥሩሰው ሄዶ ለመናቸው።

"አባቴ፣ ለጥምቀት ይሁንልኝ። ፊቷ ገና ነው።"

"ለጽዮን ማርያም ትሰቀላለች ብዬ ለምእመናን አውጄያለሁ" አሉት። "መጋረጃ አለ፤ ምን ያስጨንቅሃል?"

"እንግዲያው ማንም እንዳይነካት ያድርጉልኝ።"

"ሥዕሏን ሳይሳለም የሚመለስ ክርስቲያን ከየት ላምጣልህ?" ብለው ሳቁ።

የጽዮን ዕለት ሣህሉ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ነበር፤ ሥዕሉ በሴቶቹ በኩል ነው የተሰቀለው። መጋረጃው ሲገለጥ አንዲት ሴት የታመመ ልጇን አዝላ ቀረበችና የሥዕሏን ጉንጭ በእጇ ዳስሳ ተሳለመች። እጇን ወደ ግንባሯ ስትመልስ አየችው። ዘይት ነበረበት። እመቤቴ ወዛች አለች፣ በቀስታ፣ ለራሷ ያህል። አጠገቧ ያለችው ሰማች፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ሰማ። እልልታው ከጣሪያው ሲጋጭ እናቶች ልጆቻቸውን እያነሡ ተጋፉ፤ ጥጥ ያላት በጥጥ፣ የሌላት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች የልጇን ግንባር ትቀባለች።

ሣህሉ ሰው መሐል ተቀርቅሮ አፉን ከፈተ። ተዉ፣ ቀለም ነው፣ አልደረቀም ሊል ነበር። ከፊቱ ያለችው ሴት ያነሣችው ልጅ ግን ዓይኑ ገርበብ ብሎ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ያንን ዓይን ያውቀዋል። ዓምና መስከረም፣ የኔነሽ ስትነድ፣ አንድ ሥዕል ወዝ አውጥቷል ቢሉት ኖሮ እንጨቱ እስኪታይ ይፍቀው ነበር። አፉን መልሶ ዘጋው። ቆሞ የገዛ ልጁን ሲወስዷት አየ፤ አንዷ ከንፈሯን፣ ሌላዋ ዓይኗን ይዛ ሄደች። ከመቃብሩ ዳር ቆሞ እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ሕዝቡ ሲበተን ቀረበ። ሰማያዊው ልብስ አለ። ሕፃኑ አለ፤ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት ያይ ነበር፣ አሁን የሚያየው ቡናማ እድፍ ነው። አለቃ ጥሩሰው ትከሻውን ይዘው፣ ሥዕልህ ተአምር ሠራች፣ ምን ዓይነት ዕድለኛ ሰው ነህ አሉት። አመሰገነና ወጣ።

ቤት ሲደርስ ዘርፈሽ ከቀብሩ ወዲህ አይቶት በማያውቀው ፊት ተቀበለችው። የነጠላዋን ጫፍ ከፍታ አሳየችው። ጠይም ቀለም ነበረበት።

"አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣኝ" አለችው። "ሐምሌ ላይ ከቁልቢ ያመጣሁትን ቅባ ቅዱስ ብርጭቆህ ውስጥ ጨመርኩት። ውሃውን ደፍቼ፣ በስንጥር አማስዬ።"

ሣህሉ እድፉን በጣቱ ነካው። ቅባ ቅዱሱ የወይራ ዘይት እንደሆነ ያውቃል።

"ንድፉን ሳይ የማን ፊት እንደሆነ አወቅኩ። እናቷ አይደለሁም? ልጄ የሕመምተኛውን ቅባት፣ ቀንዲሉን ሳትቀባ ነው የሄደችብኝ። በዚያ እንኳ ትቀባ ብዬ ነው። ይኸው ዛሬ አገሩ ሁሉ በእሷ ዳነ።"

ዓመት ሙሉ ያልሳቀች ሴት ናት። "ደግ አደረግሽ" አላት፤ ነጠላውን ከእጇ ተቀብሎ እድፉን ወደ ውስጥ አጣጠፈው።

በማግሥቱ ከሰል ይዞ ዕብነ በረዱ ላይ ጎንበስ አለ። አገጯን ነደፈ፣ ፀጉሯን ነደፈ፣ ቀኝ ዓይኗ በጭንቅ መጣለት። ግራ ቅንድቧ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ጠርጎ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና እዚያው ቆመ። ለቅሶም እንኳ አልመጣለት አለ።

"ዘርፈሽ" ብሎ ተጣራ። "የልጅሽ ግራ ቅንድብ እንዴት ነበር?"

ዘርፈሽ ሥራዋን ይዛ ከጓዳ መለሰችለት፤ ለማሰብ እንኳ አልዘገየችም።

"እንደ ሥዕሉ ነዋ" አለችው።

ሣህሉ ከሰሉን አስቀመጠ።