ራንጌል ከገነትም ከቤቱም የተባረረ ጊዜ

እና ራንጌል ስዕሉ ላይ ሱሪ ሲጨመርለት የበቃው መሰላችሁ? ኧረ የት አባቱ! ባርኔጣም አስጨመረ። ባርኔጣውን ሲያገኝ ደግሞ አህያዬም ካልገባች ብሎ ሙጭጭ አለ።

"አዳም አህያ ነበረው እንዴ ጋሽ ራንጌል?" አለው ሰዓሊው ኩንቾ።

"ገነት ውስጥ እንስሳ ሁሉ ነበር አይደል የምትሉት? የኔዋ ምን በድላ ትቀራለች!"

ጣጣው ሁሉ የመጣው ቤተክርስቲያናችን እንደ አዲስ ስትሳል ነው። ኩንቾ ከወንዝ ማዶ መጥቶ ራንጌል ቤት አረፈ። ራንጌል ያው ወይን ተካዩ ነው፣ ጺሙን ሲያበጥር የሚውለው። ኩንቾ ደግሞ ቅዱሳኑን የሚስለው የመንደሩን ሰው ፊት እያየ ነው። ባለወፍጮው ሐዋርያ ሆነ፣ መላጣው አናጢ ነቢይ ሆነ። ራንጌልን አዳም ላድርግህ ሲለው፣ ራንጌል ደረቱን ነፋ እንጂ አዳም ምን ሲያደርግ እንደሚሳል አልጠየቀም።

መጋረጃው ሲነሳ መንደሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ሄደ። ምን እናያለን? ራንጌል እርቃኑን፣ እፍረቱን በቅጠል ሸፍኖ፣ አፉን ከፍቶ እያለቀሰ ከገነት ሲባረር! እሱስ ባልከፋ። እጇን የያዛት ሔዋን ግን ሚስቱ ቬሊካ አይደለችማ። ጾና ናት! ጎረቤታቸው ጾና፣ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ያለፋት፣ የአይብ ቂጣ ስትጋግር ውሻ ሁሉ ደጇ የሚሰለፍላት። በየቀኑ ትኩስ ትኩሱን ይዛለት ስትመላለስ ኩንቾ ምን ያድርግ፣ ሳላት። ቬሊካንማ ለምኗት ነበር። "አሳማውን ማን ያበላልኛል? እንደ እንጨት የምገተርበት ጊዜ የለኝም!" ብላ ነው ያባረረችው።

ቬሊካ ግድግዳውን አየች። ቤት ገብታ የራንጌልን ብርድ ልብስ በመስኮት ወረወረችው።

"ወዴት ልሂድልሽ፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ከሚስትህ ጋር! መንገድ ጀምራችሁ የለም እንዴ?"

"ስዕል እኮ ነው!"

"ስዕል ከሆነ እጇን ለምን ያዝክ?"

"ኩንቾ ነው ያስያዘኝ!"

"እንግዲያው ኩንቾ ያስገባህ!"

ማለች ደግሞ። ይሄ ነገር እስከ ይቅርታ እሁድ ካልተስተካከለ እስከ ፋሲካ ደጄን አትረግጥም አለችው። በይቅርታ እሁድ፣ በትልቁ ጾም ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ እጅ እየሳመ ይቅር ሲባባል፣ ማታም ሃላዋ የሚባለው ጣፋጭ በክር ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ቤተሰቡ እጁን ወደኋላ አጣምሮ በአፉ ሲሻማ፣ ራንጌል ብቻውን ሊቀር ነው። ይባስ ብሎ ቤተክርስቲያን ውስጥ የአዳም መባረር የሚነበበው በዚያው ቀን ነው። የቀረው አሥራ ሁለት ቀን! ራንጌል ወይን ማሳው ውስጥ ያለችው ጎጆ ገባ። በረዶው ያን ያህል፣ ጣሪያዋ ወንፊት፣ የተበጠረ ጺሙ እንጨት ሆኖ ያድራል።

ኩንቾ ላይ ሄዶ አፈጠጠበት። "ፋቅልኝ!"

"አይፋቅም። አንድ ፊት ባለቀ ቁጥር ቄሱ አባ ሳቫ ዘይት እየቀቡ ባርከውታል። መጨመር ግን እችላለሁ።"

ኩንቾ ከአያቱ የወረሰው ደብተር አለው፤ የድሮ ሰዓሊዎች የተባረረንና የተሰደደን ሰው እንዴት እንደሳሉት ሁሉ የተገለበጠበት። ራንጌል ምራቁን ጣቱ ላይ እያደረገ ይገልጥ ጀመር።

"እስቲ በክብር የተባረረ አንድ ሰው ፈልግልኝ።"

"ይሄ ከሁሉም የቆየው ነው። አዳም ገነት ፊት ለፊት ተቀምጦ ያለቅሳል።"

"በምን ላይ ነው የተቀመጠው?"

"ድንጋይ ላይ።"

"በዚህ ብርድ? ይለፈኝ።"

"እዚህ ደግሞ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።"

"ምነው እኔንም በሸፈንከኝ! ማን ያውቀኝ ነበር?"

"ይሄኛው ወደ ደሴት የተጋዘ ንጉሥ ነው። መርከብ ላይ ቆሞ አገሩን ዞሮ ያያል።"

"ለብሷል!"

"ንጉሥ ነዋ።"

"ንጉሥ ሲባረር ሱሪውን ካልቀሙት እኔን ምን ቤት ነህ ብለው ነው? በል ሱሪ ሳልልኝ!"

እንዲህ ተጀመረ። ሌላ ገጽ ላይ ከተማቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ከነአህያቸው ሲሰደዱ አየ፤ አህያ አለ። አህያዋ ባዶዋን አትሄድም አለና አረቄ ተጫነባት፤ ከአረቄው ላይ ብርድ ልብስና ድስት። ኩንቾም ያው ማደሪያው ቤት ተበጥብጦበታል፣ የታዘዘውን ይስላል።

ሲያልቅ ምን ሆነ መሰላችሁ? ራንጌልና ጾና እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጓዛቸውን ጭነው ጎጆ ሊወጡ የሚሄዱ መሰሉ። አሁንማ የሚያለቅሰውም በደስታ ነው ተባለ!

ወሬው ቬሊካ ጆሮ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት፣ እሁድ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ የምድጃ መቆስቆሻዋን ይዛ ቤተክርስቲያን ደረሰች።

"ድስቴን! ድስቴን ነው የጫንክላት?"

ራንጌል የቀለም ቆርቆሮ ታቅፎ ቆሞ ነበር። "ድስቱ የኔ ሐሳብ አይደለም ቬሊካዬ..."

"ውጣ ከዚህ! አንተም ውጣ፣ እሷም ትውጣ!" መቆስቆሻውን ወደ ላይ አነሳችው፤ ግድግዳውን ልትፍቀው ነው።

ኩንቾ ከመሰላሉ ላይ ጮኸ። "እትዬ ቬሊካ! እንዳትነቃነቂ! እንደዚያው ሁኚ!"

ለካ የገነትን በር የሚጠብቀው መልአክ እስካሁን ፊት አልነበረውም። እንዲያ የሚያስፈራ ፊት መንደሩ ውስጥ አጥቶ ለመጨረሻ ትቶታል።

ቬሊካ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። ግማሽ ቀን! በሰይፉ ቦታ መቆስቆሻውን ሳለው።

"ማነው ይሄ?" አለች ሲጨርስ።

"መልአኩ ነው። ሁለቱንም የሚያባርራቸው።"

"ጾናንም?"

"እሷንማ ፊት አስቀድሞ!"

ራቅ ብላ አየች፣ ቀረብ ብላ አየች። "ክንፉን ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ" አለች።

በማግስቱ ራንጌል ደጇ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ እጇን ሳመ። "ይቅር በይኝ።"

"እግዜር ይቅር ይበልህ። ጫማህን አራግፈህ ግባ።"

ገባ። ሃላዋውም በጥርሱ ሦስቴ ተያዘለት። አባ ሳቫም ተጋብዘው ነበር፤ ቬሊካ ሩዝ የተጠቀለለበት፣ በርሜል ውስጥ በጨው የቆየ ጎመን አቀረበችላቸው፣ ከሰሃኑ ደጋግመው እያነሱ "እንዲህ ያለ ጎመን በልቼ አላውቅም" ይላሉ።

ራንጌል ግን አንድም አልነካ። ስዕሉ ላይ የያዛትን ቅጠል ታስታውሳላችሁ? በዚያ በረዶ የበለስ ቅጠል ከየት ይመጣል? ከቬሊካ ጎመን በርሜል አንዷን ሰፊ ቅጠል መዝዞ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ሸፍኖባት ሁለት ቀን ሙሉ ሲሳል ከርሞ፣ ሚስቱ ጎደለ እንዳትለው ቀስ ብሎ መልሶ በርሜሉ ውስጥ ከቷታል።

"ሌላ ይቅር የምልህ ነገር አለ?" አለችው ቬሊካ ሰሃኑን እያስጠጋች።

ራንጌል የአባ ሳቫን አፍ አየ። "የለም" አለ። "እኔ ጾሙን ከአሁኑ ጀምሬዋለሁ።"