የትንንሾቹ ወታደሮች አውጫጭኝ

ነገሩን መጀመሪያ ያወቅሁት ሜትሬ የጠፋብኝ ዕለት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን በራፍ ላይ የስፌት መኪናዬን አውጥቼ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ሁለት ጊዜ ሳልለካ መቀስ አላነሣም። ሜትሩን ቤቱን ሁሉ ፈልጌ ሳጣው የልጄን ክፍል ከፈትሁ። ልጄ የኮሌጅ ተማሪ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አረንጓዴ አንሶላ አንጥፋ፣ በአንሶላው ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ ሰዎች አሰልፋ፣ ከአንዱ ሰው እስከ ሌላው በእኔ ሜትር ትለካለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኋት።

"ጦርነት ላይ ነኝ እማዬ፤ አንድ ጊዜ ቆይኝ።"

ጦርነት የሚባለው ቃል በቤቴ ውስጥ በጨዋታ እንኳ ሲነሣ ደስ አይለኝም። በሩ ላይ ቆሜ ግን አየሁ። ሁለት ሰዎች ጦራቸውን ፊት ለፊት ያሰልፋሉ። አንዱ ወታደር ምን ያህል እንደሚራመድ በሜትር ይለካል፤ ማን እንደተመታ ዳይስ የሚሉት ባለ ነጥብ ጠጠር ተወርውሮ ይታወቃል። ደንቡ በውጭ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ልጄ ከስልክ ላይ እያነበበች፣ ሁለት ደብተር ሙሉ ወደ አማርኛ መልሳዋለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ የእሷን ደብተር ግን አንብቤ ይገባኛል። እንዲገባ አድርጋ ስለጻፈችው ነው እንጂ የእኔ ንባብ በርትቶ አይደለም።

ከጓደኞቿ መካከል በፋብሪካ የተሠራ የፕላስቲክ ወታደር ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ አጎቱ ከውጭ ልኮለት። ሌሎቹ ራሳቸው ይሠራሉ። አንድ ረጅም ልጅ ከጣና ዳር ጭቃ አምጥቶ፣ ጠፍጥፎ፣ በከሰል ምድጃ ይጠብሳል። የእኔዋ ደግሞ ከአሮጌ የመብራት ገመድ ሽቦ ታወጣና አጥንት ታደርገዋለች፤ ወረቀት በኮላ ነክራ ሥጋ ታለብሰዋለች፤ ከእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ኩታ ትቆርጥለታለች፤ በጥፍር ቀለም ትቀባዋለች። ታንኳም አላት፤ ከእውነተኛ ደንገል የተጎነጎነ፣ ጣት የሚያክል። ለአንዱ ወታደር ሳምንት ይፈጅባታል። ዓይኑን በስፌት መርፌ ጫፍ ስትነካካ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እይዛለሁ። እጇ የእኔ እጅ ነው። ትዕግሥቷን ግን ከማን እንዳመጣችው አላውቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሲጣሉ ነው። "ይቻላል!" "አይቻልም!" ብለው ሲጯጯኹ እሷ ድምፅ አታነሣም። ደብተሩን ትገልጣለች፤ ጣቷን መስመሩ ላይ ታኖራለች። ደንቡ የእሷን ወታደር የሚገድል ቢሆንም ጣቷን አታነሣም። ስንት ትልልቅ ሰው አይቻለሁ፤ ይህን የሚያደርግ ግን ብዙ አላየሁም።

እንግዲህ በአንድ ነገር ይህን ያህል የደከመ ሰው ሲታይ፣ እንደ እኔ ያለች እናት ደስ ይላታል፤ ወዲያውም ትፈራለች። አንድ ቀን በርበሬ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ፣ አጠገቤ ጎረቤቴ ነበረች። የእሷም ወንድ ልጅ ከእነሱ ጋር ይጫወታል።

"አንድ ቀን እኮ የተገዛ ወታደር ካልሆነ አይቻልም ብለው ሊከለክሏቸው ይችላሉ" አልኋት። "ያን ጊዜ ይኼ ሁሉ ልፋት ምን ይውጠው ይሆን?"

"እውነትሽን ነው?"

"ምን ይታወቃል! ደንብ ሲለወጥ ማን ያማክረናል?"

ተራችን ደረሰ። በርበሬው ሁለታችንንም አስነጠሰን፤ ወሬው እዚያው ቀረ፤ የት እንዳልሁትም ረሳሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። "አዲስ ደንብ ሊወጣ ነው እየተባለ ነው" አለችኝ። ከመስከረም ጀምሮ በእጅ የተሠራ ወታደር ጠረጴዛ ላይ አይቆምም፤ ቀለሙም ቢሆን የተገዛ መሆን አለበት፤ ይህም ደንቡን ከሚያወጡት ዘንድ ተረጋግጧል ይላል ወሬው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከጎንደር ተጫዋቾች ሊመጡ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ከሌላ ከተማ ሰው ሲመጣባቸው የመጀመሪያቸው ነው። ወሬው ጎንደርም ደርሶ "እውነት ከሆነ ለምን እንደክማለን?" የሚል መልእክት መጣ።

እኔ ምን አልሁ? "አላልሁም?" አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ። ፍርሃቴ መስከረምን ጨምሮ፣ ቀለምን ጨምሮ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ የራሴ መሆኑን አላወቅሁትም። "ተይው ልጄ፤ ልብሽ ሳይሰበር ከአሁኑ ይቅርብሽ" አልኋት።

"የት ነው የተጻፈው?" አለች።

ደንቡን የሚያወጡት ሰዎች የሚጽፉበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበች። የለም። ለጓደኞቿ ነገረች። እነሱም "ገና ምስጢር ስለሆነ ነው የማይገኘው" አሏት። አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ረጅሙ ልጅማ ተስፋ ቆርጦ ሃያ የጭቃ ወታደሮቹን በግቢያቸው ላሉ ሕፃናት አደላቸው። የጎንደሮቹ እስከ እሑድ ቁርጡን ንገሩን አሉ። ካልመጡ የእኛዎቹም መሰብሰብ እንደሚቀር ይታወቅ ነበር፤ ግማሾቹ ዳይሳቸውን አስቀምጠዋል።

አርብ ዕለት ልብስ ስተኩስ መጣችና "እማዬ፣ የአውጫጭኝን ነገር ድገሚልኝ" አለችኝ።

የተወለድሁት ወንዛዬ ከሚባለው ፍል ውሃ ወዲያ ባለ ገጠር ነው። ልጅ ሳለች የአገሬን ነገር እነግራት ነበር። በሬ ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል ሽማግሌዎች የአገሩን ሰው አንድ ሳያስቀሩ ይሰበስባሉ። "ያየህ ያየኸውን ተናገር፤ የሰማህ ከማን እንደሰማህ ተናገር" ይባላል። ሰምቻለሁ ያለ ሰው የነገረውን ሳይጠራ አይቀመጥም። የተጠራው ይነሣል፤ እሱም የነገረውን ይጠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው ወደ ወጣበት አፍ ይመለሳል። ራሱ ተነሥቶ የተናገረ ደግሞ አይቀጣም።

"በቃ፣ ነገ አውጫጭኝ እንቀመጣለን" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንቱም ተጫዋቾች ሳሎኔን ሞሉት። እኔ ሻይና ቂጣ ለማቅረብ ጓዳ ነበርሁ። የጎረቤቴ ልጅ ቀልደኛ ነው፤ "እሺ፣ በሬ የጠፋበት ማነው?" አለ።

"አርባ ወታደርና ስድስት ታንኳ ሊጠፋብኝ ነው" አለችው ልጄ። "ከበሬህ አይበልጥም? ተጠንቀቅ፤ ከአንተ እንዳልጀምር።"

"ኧረ እኔ ምን አደረግሁ!"

ባለ ፕላስቲክ ወታደሩን ልጅ ጠየቀችው። ቴሌግራም ላይ ማንበቡን ተናገረ። ማን ጻፈው? ረጅሙ ልጅ ተነሣ። "እኔ ነኝ። የነገረኝ እሱ ነው" ብሎ ወደ ጎረቤቴ ልጅ ጠቆመ።

ቀልደኛው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ከታማኝ ምንጭ ነው የሰማሁት።"

"ታማኙ ምንጭ ስም የለውም?"

"አለው።"

"ጥራዋ!"

"…እማዬ ናት።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "እናትህ ደግሞ መቼ ነው ዳይስ የወረወረችው?" "ጄኔራሏን ጥራልን እንጂ!" እየተባለ በአጥር ላይ ተጠራች። እጇ የልብስ ሳሙና እንዳለበት መጣች። እኔ ትሪውን ይዤ ከጓዳው በር ላይ ደርሻለሁ።

ልጄ ተነሥታ በአክብሮት ጠየቀቻት። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእጅ የተሠራ ሊከለከል ነው የሚለውን ከማን ሰሙት?"

"ወፍጮ ቤት ነው" አለች ጎረቤቴ፤ አንድ ጊዜ አየችኝ። ዓይኗን መለሰች። "ወረፋው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ማን እንዳለው እንግዲህ…"

ያን ጊዜ በርበሬው ትዝ አለኝ። ማስነጠሳችንም። ሴትዮዋ አውቃ ነው የሸፈነችኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ጎረቤቴም እስክትሞት አትናገርም።

"እንግዲያው እዚህ ላይ ተቆረጠ" አለ ረጅሙ ልጅ። "ወፍጮ ቤት የነበረው ሰው ከየት እንደሰማ ማን ያውቃል? እውነትም ሊሆን ይችላል። ለጎንደሮቹ ይቅርባችሁ ብንላቸው ይሻላል።"

ልጄ ደብተሯ ላይ ጎንበስ ብላ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ አልጻፈችም። በእሷ ቤት ያልተገኘ ነገር ተገኘ ተብሎ አይጻፍም። ግን ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን ይዛ የሠራችው ሁሉ በእኔ ዝምታ ካርቶን ውስጥ ሊገባ ነው።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ሁሉም ዞሩ።

"እኔ ነኝ ያልሁት። ከማንም አልሰማሁትም። ስለፈራሁ ነው።"

ልጄ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ሌሎቹን በጠየቀችበት ድምፅ ጠየቀችኝ። "የሰማሽው ነው ወይስ ያሰብሽው?"

"ያሰብሁት።"

ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ "ራሱ ተነሥቶ የተናገረ አይቀጣም፤ ደንቡ ነው" አለችና ትሪውን ከእጄ ተቀበለች።

"እኔ ግን ሳሙናዬ ደርቋል፤ ካሣ እፈልጋለሁ!" አለች ጎረቤቴ፤ ያኔ ነው ሁሉም የሳቀው። ሳቁ እንደማይጎዳኝ ሳውቅ እኔም ሳቅሁ። ለጎንደሮቹ እዚያው ተቀምጠው "ኑ፤ ወሬው እዚሁ ሰፈር ተወልዶ እዚሁ ሞተ" ብለው ጻፉላቸው።

በኋላ ስተኛ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ራሱ የተናገረ አይቀጣም የሚለውን ሽማግሌዎቹ በእርግጥ ይሉት ነበር? ወይስ ልጄ ብርጭቆ ሰብራ ስትደብቀኝ፣ እንዳትፈራኝ ብዬ እኔ የጨመርሁት ነው? አላስታውስም። እስካሁንም አልነገርኋትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከረሜላ ገዝቼ ከረጅሙ ልጅ ጋር በግቢያቸው በየቤቱ ዞርሁ። ከሃያዎቹ የጭቃ ወታደሮች አሥራ ስምንቱን በከረሜላ ለወጥናቸው። ሁለቱ ቦይ ገብተው ጠፍተዋል። "ምንም አይደል እትዬ" አለኝ፤ ግን ሁለት ጊዜ ሲቆጥር አይቼዋለሁ። ቤት ገብቼ የጠፉትን ሁለቱን ልተካ ልጄን ሽቦና ወረቀት ለመንኋት። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እንዴት እንደሚጠመዘዝ አሳየችኝ፤ እጄን ይዛ አልሠራችልኝም። ቀትር ላይ የጀመርሁት ማታ አለቀ። አንደኛው ወፍሮ ወጣ፤ ሁለተኛው ወደ ጎን ዘመመ።

"ይኼኛው ምን ሆኖ ነው እትዬ?" አለ ረጅሙ ልጅ እያገላበጠው።

"ፈርቶ ነው።"

ሳቀና ከፊት መስመር አቆመው።

የጎንደሮቹ በቀጠሮው ቀን አራት ሆነው መጡ። ወታደሩ ከምን እንደተሠራ የጠየቀ የለም፤ ታንኳዎቹን ግን አንድ በአንድ እያነሡ አዩ። "ይኼን በእጅሽ?" አላት አንደኛው፤ መልሶ ሲያስቀምጥ እንደ እንቁላል ነው ያስቀመጠው። ልጄ ሜትሬን ይዛ እየለካች፣ ጣቷን ደብተሩ ላይ እያኖረች ስትዳኛቸው እኔ ስፌቴን ጥዬ አያት ነበር።

የጨዋታው እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ያው እንግዳ የእኔን ወታደር አየና ግንባሩን ቋጠረ። "የዘመመ ወታደር ከፊት መስመር አይቆምም ሲባል ሰምቻለሁ።"

"ከማን?" አለ ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ። እኔም አብሬ ጮኽሁ፤ የያዝሁት ሻይ ቀሚሴ ላይ ተደፋ።